ቫይረስ መልኩን ሲለውጥ፦ የተቅማጥ በሽታ፣ ክትባትና የጣና ዳር ቤተሰብ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ አንባቢ የሚከተሉትን ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ማስረዳት ይችላል፦

• ተቅማጥ የሚያስከትሉ ቫይረሶች መልካቸውን እንዴት እንደሚለውጡ፤
• ክትባት የወሰደ ሕፃን ለምን ሊታመም እንደሚችልና ክትባቱ ያም ሆኖ ለምን እንደሚጠቅም፤
• የቫይረሱ መልክ ቢለዋወጥም የማይለወጡት ሕክምናና መከላከያ ምን እንደሆኑ።

1. ከጤና ጣቢያ የሚነሳ ጥያቄ

ለአብነት ያህል ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ከሚገኝ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት እናት ትታሰብ። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ዕድሜው አንድ ዓመት ከአሥር ወር ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ አስመልሶታል፤ ተቅማጡም እንደ ውኃ ቀጥኗል። ጎረቤቶቿ «የጥርስ ነው፣ ይተወዋል» ብለዋት ነበር። እርሷ ግን የልጁ ዓይን ሲጎደጉድ አይታ ሳትዘገይ መጥታለች። በቤቷ ደግሞ ስድስተኛ ሳምንቱን የያዘ ጨቅላ ትታለች።

«ሲስተር፣ ይህ ልጅ በአፍ የሚሰጠውን ክትባት ሁለቱንም ጊዜ ወስዷል፤ ካርዱም ይኸው» ትላለች። «ታዲያ ለምን ታመመ? ታናሹንስ ምን ብዬ ላስከትብ?»

«እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ እመልስልሻለሁ» ትላታለች ነርሷ። «መጀመሪያ ግን ልጁ ይጠጣ።»

የነርሷ አካሄድ ትክክል ነው። ፈሳሽ የመተካቱ ሥራ ማብራሪያ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የእናቲቱ ጥያቄም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አጥጋቢ መልስ ካላገኘች ጨቅላው ሳይከተብ ሊቀር ይችላል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ዴልታና ኦሚክሮን የተባሉት ዝርያዎች ሲከሰቱ በብዙ ሰው አእምሮ የተመላለሰውም ይኸው ጥያቄ ነበር። ቫይረሱ የሚለዋወጥ ከሆነ ክትባት ምን ይጠቅማል? መልሱን ለማግኘት ተቅማጥ የሚያስከትሉ ቫይረሶችን ጠባይ ማወቅ ይረዳል።

2. ሮታቫይረስ በሕፃን አንጀት ውስጥ

በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ ከሚያስከትሉ ተሐዋስያን መካከል ሮታቫይረስ ዋነኛው ነው። ቫይረሱ በሰው ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በሩት ቢሾፕና በሥራ ባልደረቦቻቸው ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ መንኮራኩር ስለሚመስል፣ በላቲን ቋንቋ መንኮራኩር ማለት በሆነው «ሮታ» በሚለው ቃል ተሰየመ።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ጋቢ ዘርፍ በተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን ጣት መሰል አካላት የተሸፈነ ነው። ምግብና ውኃ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ አማካይነት ነው። ሮታቫይረስ ጫፋቸውን ያጠቃል። የተጎዳው አንጀት ውኃንና ጨውን መምጠጥ ሲያቅተው ፈሳሹ በተቅማጥ መልክ ይወጣል። ትውከት ሲጨመርበት ደግሞ ሕፃኑ የሚያጣውን መልሶ መጠጣት ይሳነዋል። የሕፃን ሰውነት ትንሽ በመሆኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያጣው ፈሳሽ ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሮታቫይረስ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ወደ 453 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን በዓለም ዙሪያ ገድሏል። ከዚህ ሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአምስት አገሮች የደረሰ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። አገሪቱ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ክትባትን በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ያካተተችው ይህን ሞት ለመቀነስ ነው።

3. መለያ ምልክትና ጥበቃ

የሰው አካል ከውጭ የገባን ቫይረስ የሚያውቀው በገጽታው ላይ ባሉ መለያ ምልክቶች ነው። እነዚህ ምልክቶች በሳይንስ አጠራር አንቲጂን ይባላሉ። አካል አንድ ጊዜ ያየውን ምልክት የሚይዙና ቫይረሱ ወደ ሕዋሳት እንዳይገባ የሚያግዱ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፤ ምልክቱንም ያስታውሳል። ክትባትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከባድ በሽታ ሳያስከትል ምልክቱን ለአካል አስቀድሞ ያሳየዋል።

ነገሩን በር ላይ በቆመ ጥበቃ መመሰል ይቻላል። ጥበቃው አንድን ሌባ በለበሰው ካፖርት ብቻ ለይቶ ቢያውቀው፣ ሌባው ካፖርቱን ቀይሮ ሲመጣ ሊያልፈው ይችላል። ቁመቱን፣ አረማመዱንና ድምፁን ጭምር ካጠና ግን ልብሱን ቢቀይር እንኳ ይጠረጥረዋል፤ ቶሎም ይደርስበታል። የቫይረስ መለያ ምልክት መለዋወጥ የልብስ መቀየርን ይመስላል። የተሟላ የመከላከል አቅም ደግሞ አረማመድን ማወቅ ነው።

4. ከአሳማ ግልገሎች የተገኘ ትምህርት

በጣና ዙሪያ አሳማ ማርባት የተለመደ አይደለም። ሆኖም የተቅማጥ ቫይረሶች መልካቸውን ሲለውጡ ምን እንደሚከተል በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በሌሎች አገሮች የሚገኘው የአሳማ እርባታ ነው። በአሳማ ግልገሎች ላይ ከባድ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት ቫይረሶች መካከል ሮታቫይረስ ይገኛል። ኮቪድ-19ን ያስከተለው ቫይረስ የሚመደብበት የኮሮና ቫይረስ ቤተሰብ አባላትም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ሦስት ታሪኮች በተለይ አስተማሪ ናቸው።

የመጀመሪያው ለውጥ የክትባትን አቅም ሊያዳክም እንደሚችል ያሳያል። የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ የተባለው በሽታ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ ነው። በቻይና ከቀደምት የቫይረሱ ዝርያ የተዘጋጀ ክትባት ለዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ግን በላይኛው ፕሮቲኑ ላይ ለውጥ ያመጣ ዝርያ ተነሳ፤ ክትባት በተሰጠባቸው እርባታዎች ሳይቀር ግልገሎችን ጨረሰ። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሲከሰት በአንድ ዓመት ገደማ ወደ 7 ሚሊዮን የሚገመቱ ግልገሎች ሞቱ። የአሳማ ግልገል ያለ ፀረ እንግዳ አካላት ይወለዳል፤ ጥበቃውን የሚያገኘው ከእናቱ እንገርና ወተት ነው። እናቲቱ የማታውቀው መልክ ያለው ቫይረስ ሲመጣ ወተቷ ለዚያ የሚሆን በቂ ጥበቃ አይኖረውም።

ሁለተኛው ለውጥ ሁልጊዜ ወደ ክፋት እንደማያመራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የታወቀ ሌላ የአሳማ ኮሮና ቫይረስ ግልገሎችን በተቅማጥ ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በቤልጂየም የዚህ ቫይረስ አዲስ ዝርያ ተገኘ። ከላይኛው ፕሮቲኑ አንድ ክፍል የጎደለው ሲሆን፣ በዚህ የተነሳ አንጀትን ትቶ የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ሆነ። ሕመሙም ቀላል ነበር። ከዚህም በላይ፣ በአዲሱ ዝርያ የተያዙ አሳማዎች ገዳዩን ነባር ቫይረስ በከፊል የመቋቋም አቅም አገኙ። ሁለቱ ዝርያዎች የሚጋሯቸው ምልክቶች ስለነበሩ አካል አንዱን በማየት ሌላውን ለመለየት ችሏል።

ሦስተኛው የእንስሳት ቫይረስ የእንስሳት ብቻ ሆኖ ላይቀር እንደሚችል ያስገነዝባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በሄይቲ ከታመሙ ሦስት ሕፃናት በተወሰደ ናሙና ውስጥ በአሳማ ላይ የሚታወቅ ኮሮና ቫይረስ መገኘቱን አመልክቷል። የእንስሳትና የሰው ጤና ባለሙያዎች «አንድ ጤና» በሚል መርሕ አብረው እንዲሠሩ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

5. ሮታቫይረስ መልኩን የሚለውጥባቸው ሁለት መንገዶች

ሮታቫይረስ በላይኛው ገጽታው ሁለት ዋና ዋና መለያ ፕሮቲኖች አሉት። ሳይንቲስቶች አንደኛውን «ጂ»፣ ሁለተኛውን «ፒ» በሚሉ ፊደላት ይጠሩና ዓይነታቸውን በቁጥር ይለያሉ። በዚህም መሠረት አንዱ ዝርያ ጂ1ፒ8፣ ሌላው ጂ3ፒ8፣ ሌላው ጂ12ፒ8 እየተባለ ይታወቃል። እነዚህ መልኮች የሚለዋወጡት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው ቀስ በቀስ የሚመጣ ለውጥ ነው። ቫይረሱ ራሱን በሚያባዛበት ጊዜ ዘረመሉን ሲገለብጥ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ለራሱ ለቫይረሱ አይጠቅመውም። አልፎ አልፎ ግን በመለያ ምልክቱ ላይ የምትደርስ ትንሽ ለውጥ ፀረ እንግዳ አካላት እንዳይዙት ትረዳዋለች። እንዲህ ያለው ቫይረስ ከሌሎቹ ይልቅ ይስፋፋል።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚፈጠር መቀላቀል ነው። የሮታቫይረስ ዘረመል በ11 ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ሕፃን ወይም በአንድ ጥጃ አንጀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከተገናኙ ቁርጥራጮቹ ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ይህ ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው 11 ስኒ ይዘው ለአንድ ድግስ ቡና ሲያፈሉ ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል። ስኒዎቹ ታጥበው ሲመለሱ በአንዷ ረከቦት ላይ የሁለቱም ስኒዎች ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። ቁጥሩ ያው 11 ነው፤ ስብጥሩ ግን አዲስ ነው። በሒሳብ ሲሰላ ሁለት ዝርያዎች 2,048 ዓይነት ስብጥር ሊኖራቸው ይችላል። አብዛኛዎቹ ስብጥሮች ጠንክረው አይቆዩም፤ ጥቂቶቹ ግን ይዛመታሉ።

በዚህ መንገድ ከእንስሳት የመጡ የሚመስሉ መልኮች በሰው ላይ ታይተዋል። በከብቶች ላይ የሚታወቀው ጂ8 እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በማላዊ ብላንታየር ከተማ በሕፃናት ላይ በብዛት ተገኝቷል። በአሳማ ላይ የሚታወቀው ጂ5 ደግሞ በብራዚል ሕፃናት ላይ ታይቷል።

6. ጥጃ፣ ኩበትና የሐይቁ ዳርቻ

የጣና ዳርቻ የእርሻና የከብት አገር ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ የፎገራ ከብት መገኛ ነው። በብዙ ቤቶች ጥጃ ሌሊት በቤት ውስጥ ወይም ከመኝታ አጠገብ ይታሰራል። እበት በእጅ ይዛቃል፤ ለማገዶ ኩበት ይጠፈጠፋል፤ ወለልና ግድግዳ ይለቀለቅበታል። ሕፃናት በዚያው ወለል ላይ ይድሃሉ። በበጋ ወራት ውኃው ሲሸሽ ከብቶች እስከ ሐይቁ ጠርዝ ይግጣሉ፤ ከዚያው ውኃ የሚቀዳ ቤተሰብም አለ።

ሮታቫይረስ በኢትዮጵያ ከብቶች ላይም ይገኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ የወተት ከብት እርባታዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት፣ ተቅማጥ በያዛቸው ጥጃዎች ላይ ሮታቫይረስንና የከብት ኮሮና ቫይረስን አግኝቷል። እዚህ ላይ ግን ነገሩን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ሕፃናትን የሚያሳምመው ሮታቫይረስ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ከጥጃ ወደ ሕፃን በቀጥታ መተላለፉ የተለመደ አይደለም። ስለዚህ ጥጃን መፍራትም ሆነ ከብት ማርባትን መተው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የታመመን ጥጃ ከሕፃናት መለየትና እበት የነካን እጅ በሳሙና መታጠብ ነው። ይህን ማድረግ ሕፃኑን ከሌሎች በእበት ከሚተላለፉ ተሐዋስያንም ይጠብቀዋል፤ ሁለት የቫይረስ ዝርያዎች በአንድ አንጀት የሚገናኙበትን ዕድልም ያጠባል።

ጥጃም እንደ አሳማ ግልገል ያለ ፀረ እንግዳ አካላት ይወለዳል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን በበቂ መጠን መጥባት አለበት። እንገርን ለቤተሰብ አልቦ ጥጃውን መከልከል ጥጃውን ያለ ጥበቃ ማስቀረት ነው። እንገር ለሰው ልጅም ያስፈልጋል። ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት መጀመር አለበት፤ እንገሩም መጣል የለበትም።

7. ታዲያ ክትባቱ ለምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ የሚሰጠው የሮታ ክትባት የተዘጋጀው ከአንድ ዝርያ፣ ከጂ1ፒ8 ነው። በአፍሪካ ግን ብዙ ዓይነት መልኮች ይዘዋወራሉ። የእናቲቱ ጥርጣሬ እዚህ ላይ መሠረት ያለው ይመስላል። መልሱ የተገኘው በአፍሪካ ምድር በተካሄደ ጥናት ነው። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት፣ ክትባቱ በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ከሚደርሰው ከባድ የሮታቫይረስ ተቅማጥ 61 በመቶውን መከላከሉን አረጋግጧል። በማላዊ በጊዜው ይዘዋወሩ ከነበሩት መልኮች መካከል ጂ12 እና ጂ8 ይገኙ ነበር። ክትባቱ ከተሠራበት መልክ የተለዩ ቢሆኑም ክትባቱ ከእነርሱም ጠብቋል።

ምክንያቱ ቀደም ሲል በጥበቃው ምሳሌ ተገልጿል። አካል የሚያጠናው የቫይረሱን ካፖርት ብቻ አይደለም። በዝርያዎች መካከል የማይለወጡ ወይም እምብዛም የማይለወጡ የቫይረሱ ክፍሎችንም ያጠናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ በሜክሲኮ የተካሄደ ጥናት ይህን ያጠናክራል። በተፈጥሮ ሁለት ጊዜ በሮታቫይረስ ተይዘው የነበሩ ሕፃናት እንደገና ቢያዙ እንኳ በመካከለኛም ሆነ በከባድ ደረጃ አልታመሙም። ክትባቱ ሁለት ጊዜ የሚሰጠውም ይህንኑ ልምድ ያለ አደጋ ለሕፃኑ ለማስገኘት ነው።

ይሁን እንጂ 61 በመቶ ማለት 100 በመቶ ማለት አይደለም። የተከተበ ሕፃን ሊታመም ይችላል። ለዚህም ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉ፦

• ክትባቱ በይበልጥ የሚከላከለው ከባድ ሕመምንና ሞትን እንጂ ማንኛውንም ዓይነት ተቅማጥ አይደለም፤
• ተቅማጥን ሌሎች ቫይረሶች፣ ባክቴሪያዎችና ጥገኛ ተሐዋስያንም ያስከትላሉ፤ የሮታ ክትባት በእነርሱ ላይ አይሠራም፤
• በአንዳንድ ሕፃናት ላይ የክትባቱ አቅም ከሌሎች ይልቅ ዝቅ ሊል ይችላል።

ስለዚህ የእናቲቱ ልጅ መታመሙ ክትባቱ ከንቱ እንደነበር አያሳይም። ሳይከተብ ቢሆን ኖሮ ከሮታቫይረስ የሚደርስበት አደጋ የከፋ ይሆን ነበር።

የቫይረሱን መልክ መከታተልም የመከላከሉ አካል ነው። ከአሳማ እርባታው ታሪክ እንደታየው፣ ነባር ክትባት ያልያዘው መልክ ሳይታወቅ ከተስፋፋ ጉዳቱ ከባድ ነው። በተመረጡ ሆስፒታሎች ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት የዓይነ ምድር ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚመረመረው፣ የትኛው ዝርያ እየተዘዋወረ እንደሆነና ክትባቱ አሁንም እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ነው። ባለሙያ ናሙና ሲጠይቅ የሚተባበር ወላጅ ለሌሎች ሕፃናትም ይደርሳል።

8. ቫይረሱ ቢለወጥም የማይለወጠው ሕክምና

የቫይረሱ መልክ ጂ1ም ይሁን ጂ12 ሕፃኑን የሚገድለው የፈሳሽና የጨው መሟጠጥ ነው። ስለዚህ ሕክምናው በመልኩ ላይ አይመሠረትም።

ሀ. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ)። በአንድ ሊትር የሚዘጋጀው ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ውኃውን ማሳነስም ሆነ ማብዛት አይገባም። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ይሰጠዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ያስፈልጋል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይደፋል።

ለ. የዚንክ እንክብል። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀናት ይሰጣል። ተቅማጡ ቢቆምም እንክብሉ እስከ መጨረሻው ቀን መሰጠት አለበት።

ሐ. ጡትና ምግብ። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ዕድሜው ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን የለመደውን ምግብ እንዲሁም እንደ ሩዝ ውኃና ቀጭን አጥሚት ያሉ ፈሳሾችን ይውሰድ። ሕፃንን «አንጀቱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ ያዳክመዋል።

መ. መወገድ ያለባቸው ድርጊቶች። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይሰጥም። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥን አያድኑም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ።

ሠ. ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ የአደጋ ምልክቶች፦ ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ሲያቅተው፣ የጠጣውን ሁሉ ሲያስመልስ፣ ሲፈዝ ወይም ራሱን ሲስት፣ ዓይኑ ሲጎደጉድ፣ የሆድ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ሲመለስ፣ ተቅማጡ ደም ሲቀላቅል።

9. ሳይቃጠል በቅጠል

በሮታቫይረስ የታመመ ሕፃን በእያንዳንዱ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶችን ያስወግዳል። ሌላ ሕፃን ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሱ ሊበቁ ይችላሉ። ቫይረሱ በእጅና በዕቃ ላይ ሳይሞት ይቆያል። የኮቪድ-19 ቫይረስ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ሮታቫይረስ ይህ ሽፋን የለውም፤ በመሆኑም እጅን በሳሙና አሽቶ በሚፈስ ውኃ በደንብ ማለቅለቅ ቫይረሱን ከእጅ ላይ ጠርጎ ለማስወገድ ያስፈልጋል። ከክትባቱ መምጣት በፊት ንጹሕ ውኃ በሞላባቸው ባለጸጋ አገሮች ሳይቀር ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል እስከ አምስት ዓመታቸው በሮታቫይረስ ይያዙ ነበር። ስለዚህ ንጽሕና ብቻውን አይበቃም፤ ክትባትም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ።

ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚጠበቁት ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፦

1) ሕፃንን በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት የሮታ ክትባት ማስከተብ፤ ቀኑ ካለፈም ሳይውሉ ሳያድሩ የጤና ባለሙያ ማማከር።
2) በወረርሽኝ ጊዜ መደበኛ ክትባትን አለማቋረጥ፤ ሰው ከተሰበሰበበት ለመራቅ ሲባል የክትባት ቀጠሮ መተው ሕፃኑን ለሌላ በሽታ ያጋልጠዋል።
3) እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ማጥባት።
4) ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ እበት ከነኩ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃን ከማብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ።
5) የሕፃንን ዓይነ ምድር በሽንት ቤት ውስጥ መጣል። «የሕፃን ነው፣ ምንም አይደል» የሚለው አባባል ስህተት ነው።
6) የሐይቅ፣ የወንዝም ሆነ የጉድጓድ ውኃን አፍልቶ ወይም በውኃ አጋር አክሞ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ።
7) ተቅማጥ የያዘውን ጥጃ ለይቶ ማሰር፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ፣ ሕፃናትን ከእበቱ ማራቅ።
8) በአንድ ሰፈር ብዙ ሕፃናት ወይም ብዙ ጥጆች በአንድ ሰሞን በተቅማጥ ሲታመሙ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሳይዘገዩ መናገር።

10. ማጠቃለያ

በጤና ጣቢያው ውስጥ ልጁ በማንኪያ እየተሰጠው ቀስ በቀስ ጠጥቷል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዓይኑ ቀና ብሏል። ነርሷም ጊዜ አግኝታ የገባችውን ቃል ትፈጽማለች።

«እህቴ፣ ቫይረሱ ልብሱን ይቀያይራል። ክትባቱ ግን ልብሱን ብቻ ሳይሆን አረማመዱንም ለልጅሽ አሳይቶታል። ሕመሙ ጨርሶ ባይቀርም አደጋው ይቀንሳል። የቀረውን ደግሞ ይህ ውኃና አንቺ ፈጥነሽ መምጣትሽ ሸፍናችሁታል።»

እናቲቱ ካርዱን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች። የጨቅላው ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነው።

ቫይረሶች ወደፊትም መለወጣቸው አይቀርም። በእርባታ ውስጥ ባሉ ግልገሎች፣ በጣና ዳር ጥጆችና በሰው ልጆች አንጀት ውስጥ ይህ በየዕለቱ የሚካሄድ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ለውጡን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ክትባቱ ሲያስፈልግ እንዲሻሻል ይሠራሉ። የቤተሰብ ድርሻ ደግሞ በቀጠሮ ቀን ማስከተብ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ውኃን ማከምና የታመመን ሕፃን ሳይዘገዩ ማጠጣት ነው። እነዚህ አራቱ በየትኛውም የቫይረስ መልክ ፊት ይሠራሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) ክትባት የወሰደ ሕፃን በተቅማጥ ሲታመም ለእናቱ ምን ተብሎ ሊገለጽላት ይገባል?
2) ሮታቫይረስ መልኩን የሚለውጥባቸው ሁለት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? ልዩነታቸውስ ምንድን ነው?
3) እንገር ለጥጃም ሆነ ለሰው ልጅ ጨቅላ ለምን ያስፈልጋል? በአካባቢው ያለው ልማድ ምን ይመስላል?
4) በተወያዮች ቤት ጥጃና ሕፃን የሚገናኙባቸው ሁኔታዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ያለ ወጪ ሊስተካከሉ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው?